የፈሃድ ሞተር መርዶ

እሁድ፣ ነሐሴ 4

አልነሳ አለ። ሰባት ጊዜ ሞከርኩት። ማስነሻ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። ማዳም ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ይዛ ታየኛለች። ስምንተኛውን ልሞክር ስል እጇን አነሳች። በቃ ማለቷ ነው።

"ምን ሆኗል፣ ያ ሸምስ?"

"ባትሪ ነው" አልኳት። ባትሪ አይደለም። ባትሪውን በግንቦት ነው የቀየርኩት።

ጥፋቱ የኔ ነው። እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ የምናገርበት አፍ የለኝም። ጠዋት ላጥበው ብዬ ከመኪና ማቆሚያው ጥላ ሥር አስነስቼ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ቧንቧው አስጠጋሁትና ወዲያው አጠፋሁት። ቤንዚን ለመቆጠብ! የአዲስ አበባ ሚኒባስ ሹፌር አመል። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ማርሽ አውጥቼ በፎሌ ስወርድ የኖርኩ ሰው፣ ኩዌት ስድስት ዓመት ኖሬም አልለቀቀኝም። አመል ያወጣል ከመሃል ይባል የለ።

ፈሃድ ነግሮኝ ነበር። "ሸምስ፣ ይህን መኪና ቀዝቃዛውን አስነስተህ ወዲያው እንዳታጠፋው። ቤንዚኑ ሆዱ ውስጥ ይቀርና ያንቀዋል።" ሁለት ዓመት ሙሉ ቃሉን ጠብቄ ዛሬ ጭንቅላቴ የት ሄዶ እንደነበር አላውቅም።

ፈሃድ የማዳም ትንሹ ልጅ ነው። ነበር። በሽታው ሲገኝ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ዓመት እንኳ አልቆየም። "ሸምስ" ያለኝም እሱ ነው፣ ሽመልስ አልጠራለት ሲለው። ከሞተ ጀምሮ ማዳም መኪናው እንዲሸጥም ከግቢ እንዲወጣም አልፈቀደችም። በየቀኑ ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ በዚህ ሁሉ ሙቀት ወጥታ ጥላው ሥር ትቀመጣለች፣ እኔ አስነሳለሁ፣ አሥር ደቂቃ ትሰማለች። ጋዝ ልረግጥ ስል "ቀስ፣ አታስጩኸው" ትላለች። ከዚያ "ኸላስ" ስትል አጠፋለሁ። የልጇ ድምፅ ይመስላታል። ምን ልዋሽ፣ ለእኔም ይመስለኛል።

ነገ ይነሳል። ቤንዚኑ እስከ ጠዋት ከተነነ ይነሳል።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

አልተነሳም።

እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታሁ፤ አራቱም ርጥብ። ጠርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፤ ለዚህ አገር ፀሐይ ሩብ ሰዓት ይበቃል። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅዬ ሞተሩን አዞርኩት፣ ውስጡ የታመቀው እንዲወጣ። መልሼ አሰርኩ። ፍልሰታ ናት፣ እሷው ታውቃለች ብዬ ቁልፉን ጠመዘዝኩ።

አንዴ ሳለ። ነጭ ጭስ ተፋ። ግማሽ ደቂቃ ያህል እየተንገዳገደ ዞረ፣ ግን ድምፁ የሱ አልነበረም። ከዚያ ቆመ። ጽጌ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች። ጽጌ የቤቱ ሠራተኛ ናት፣ የደብረ ታቦር ልጅ፣ እዚህ ቤት ከእኔ በፊት የገባች።

"ተነሳ?"

"ሞተ መሰለኝ።"

"ወግድ! አፍህን ያዝ፣ በመስኮት እያየች ነው!"

ቀኑን ሙሉ ፈሃድ ጆሮዬ ላይ ነው። መጀመሪያ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ኮፈኑን ከፍቶ ሲያስረዳኝ፣ "የሌላው መኪና ፒስተን ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ሲል ይኖራል። ይሄ ውስጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው። ዝም ብሎ ይዞራል። መመለስ የለ፣ መጋጨት የለ።" ሞተሩ እየሠራ ሻይ የሞላ ብርጭቆ ላዩ ላይ አስቀመጠበት። ሻዩ አልተንቀሳቀሰም። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ ሁለት ጎበዝ ያነሳዋል፣ ጉልበቱ ግን የትልልቆቹን ያህል። ሲረገጥ ደግሞ እያፏጨ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ልክ ጫፍ ሲደርስ መኪናው ራሱ ጢጥ ይላል። "ጢጥ ሳይል የዋለበት ቀን እንደ ባከነ ቁጠረው" ይለኝ ነበር።

ጉዱንም አልደበቀኝም። ቤንዚን ይፈጃል። ይግላል። ዘይቱን ደግሞ ያጎድላል። እኔ ያፈስ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ ከሥሩ ካርቶን እያነጠፍኩ ጠብታ ስፈልግ ከርሜ አንዲት ነጥብ አጣሁ። ፈሃድ ካርቶኑን ሲያይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። "አይፈስም ሸምስ፣ ይጠጣዋል። እንዲጠጣ ሆኖ ነው የተሠራው።" እኛ አገር ዘይት የሚጠጣ ሞተር በጊዜ ይሸጣል አልኩት። "እኔ ደግሞ አጠጣዋለሁ" አለኝ።

ማታ ናስር ደወለ። የማዳም ትልቁ ልጅ ነው፣ የኔም ከፊል፣ ማለት ዋስና አሠሪ፣ እሱ ነው፣ መኖሪያ ፈቃዴ በስሙ ነው። ነገ ወደ ጋራጅ ይሄዳል አለ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሰጥሃ መጣ፣ የተበላሸ መኪና የሚጭነው። ሁለት ዓመት ከበሩ ያልወጣ መኪና በሰንሰለት ተስቦ ሲወጣ ማየት መጥፎ ነው። ማዳም አባያዋን ደርባ ወጣች። መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳርፋ ቆየች፣ ትኩሳት እንዳለው ልጅ ግንባር።

"መቼ ይመለሳል?"

"ሐሙስ።"

ሁለተኛ ውሸት። ጽጌ አጠገቤ ሆና በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ሹወይኽ ዋልኩ፣ ጋራጆቹ ሰፈር። መካኒኩ አቡ ዋሊድ የሶሪያ፣ የሐለብ ሰው ነው፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ እጁ በዘይት የጠቆረ፣ አንደበቱ የታረመ። እንዲህ ያለ ሞተር የሚያውቅ ሰው እያለቀ ነው ይላል። እውነቱን ነው፣ ደጁ ላይ ከተሰለፉት መኪኖች ይህ አንድ ብቻ ነው።

መለኪያውን ካንዴላው ቀዳዳ ላይ አሰረና "አዙር፣ ጆሮህን ስጠው" አለኝ። "ሦስት ገጽ አለው። ሦስት እኩል ትንፋሽ መስጠት አለበት።"

አዞርኩ። ፑፍ፣ ፍስ፣ ፍስ። ፑፍ፣ ፍስ፣ ፍስ።

መለኪያውን አላየም። "ሲሉ ሄዷል" አለ። "ሲል" የሚለው በሦስቱ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ ያለውን ቀጭን ብረት ነው። በሌላ ሞተር ፒስተኑ ላይ የሚጠመጠመው ፋሻ የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው እሱ ነው። አንዱ ሲሰበር በግራም በቀኝም ያለው ገጽ ትንፋሽ ያጣል። የዚህ ሞተር ሙሉ ጉራና ሙሉ ጣጣ ጣት በማታህል ብረት ላይ መሆኑን ዛሬ ነው የተረዳሁት።

"በሁለት ዓመት ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ታደርጉት ነበር?"

"በቀን አሥር ደቂቃ እናስነሳዋለን። ቆሞ። ጋዙን ሳልነካ፣ ቀስ ብዬ።"

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "ወንድሜ፣ ይህ ሞተር ካልጮኸ ጥቀርሻ ይይዘዋል። ጥቀርሻው ሲሉን ቀስፎ ይይዝና አላላውስ ይለዋል፣ በመጨረሻም ይሰብረዋል። ይህ ሲባበል የሚሞት ሞተር ነው።"

የእሁዱን ነገርኩት፣ አስነስቼ ወዲያው ማጥፋቴን። "እሱ ሰበብ ነው" አለኝ። "ገዳዩ የሁለት ዓመቱ ነው።" ሊያጽናናኝ ነው የተናገረው።

ጎማ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጋራጅ ውስጥ ለመኪና አለቀስኩ። ማንም አልሳቀብኝም።

ያለው ምርጫ ሁለት ነው አለ አቡ ዋሊድ። አንድ፣ ሞተሩን ማውረድ። ግን የተሰበረው ብረት ግድግዳውን ፍቆታል ብሎ ይፈራል፣ ዕቃው ቢገኝ ከጃፓን ነው፣ ወራት ነው፣ ቢገኝም ቃል አልገባም አለ። ሁለት፣ ተራ ሞተር፣ ባለ ፒስተን፣ መግጠም። ብዙ ሰው የሚያደርገው ያንን ነው፣ ዕድሜ ልክ ይሄዳል አለ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ናስር ወሰነ። ጋራጁ ድረስ መጥቶ፣ የራሱን መኪና በር ሳይዘጋ ነው ያናገረኝ።

"ተራ ሞተር ይገባበታል። ለእናቴ ታጥቦ ታደሰ በላት።"

"ድምፁ አንድ አይደለም" አልኩት።

"ድምፅ ድምፅ ነው። ልቧን ታውቃለህ፣ ሐኪሙ ያለውን አንተው ነህ ስታመላልሳት የሰማኸው። እንዳትደነግጥ ነው።"

እንዳትደነግጥ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ። በአማርኛም በዓረብኛም አውቃታለሁ።

"አፍህ ካመለጠህ ወር ሳይሞላ ቲኬትህን እቆርጣለሁ" አለና ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም። እናቱን የሚወድ ሰው ነው፣ ያስቸገረኝም እሱ ነው።

ከሰዓት ማዳም በሰዓቷ ወጥታ ተቀመጠች። ባዶው ቦታ ፊት ለፊት። መሬቱ ላይ የጎማው አራት ምልክት ብቻ አለ። አሥር ደቂቃ ተቀምጣ "ኸላስ" አለች፣ ለማንም። ተነሥታ ገባች።

ጽጌ ወጥ ቤት ስገባ ጠበቀችኝ። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ሽሜ። ልጅ አለህ፣ ቤት ጀምረሃል። ይግጠሙት፣ አሮጊት ናት፣ ትለምደዋለች።" ከዚያ ወጡን እያማሰለች፣ "ድምፁን በስልክህ አልቀዳኸውም?"

ስልኬን ከፈትኩ። የመኪናው ፎቶ ሞልቷል። ሲታጠብ፣ ሲወለወል፣ እኔ ተደግፌው፣ ጽጌ ተደግፋው። ድምፅ አንድም የለም። በየቀኑ እየሰማነው ማን ይቀዳዋል?

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ማህቡላ ሰፈር አልሄድኩም። አገር ልጆች ሁሉ ዓርብ እዚያ ናቸው፣ የአንዱ ጓደኛዬ ፎቅ ላይ። እኔ ያንን ደረጃ እስከ ዛሬ በደኅና አልወጣውም። ለምን እንደሆነ ጽፌ አላውቅም፣ ዛሬ ልጻፈው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ሦስተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ከአገር አዲስ የመጣ የሰፈራችን ሰው አገኘኝ። አቀፈኝ። "እናትህን ነፍስ ይማር" አለኝ። "ሰባት ወር ሞላት አይደል?"

ሰባት ወር። እኔ በዚያ ሰባት ወር ውስጥ የጉልበት ቅባት ሁለት ጊዜ ልኬላታለሁ። ወንድሜ አበራ "እያሸናት ነው፣ ተሽሏታል" ይለኝ ነበር። ስደውል ተኝታለች፣ ስደውል ቤተ ክርስቲያን ናት። የድምፅ መልእክት ስልክላት አበራ "ሰምታለች፣ መርቃሃለች" ይለኛል። ሰውየው እኔ አለመስማቴ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ደረጃውን ወረድኩ፣ መኪና ውስጥ ገባሁ፣ ማዳምን ከሐኪም ቤት የማመጣበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ሄጄ አመጣኋት። ምንም አልነገርኳትም። ከአበራ ጋር ከዚያ በኋላ ያወራነው ለአስፈላጊ ነገር ብቻ ነው።

ዛሬ ደወልኩለት። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ፣ "ለምን ደበቅኸኝ?" አልኩት። ሦስት ዓመት ያልጠየቅሁትን።

 "እንዳትደነግጥ" አለ፣ የጠበቅሁትን። ልዘጋበት ስል ግን፣ "ሽሜ፣ መርዶ እኮ ደጋፊ ይፈልጋል። አንተ እዚያ ብቻህን ነህ። ማን አቅፎ ያረዳሃል? አቃፊ ብንፈልግልህ አጣን። ዛሬ ነገ ስንል ወሩ ሄደ" አለኝ። እያለቀሰ ነበር።

ይቅር አልኩት? አላውቅም። ግን አንድ ነገር ገባኝ። መደበቅም ጥፋት ነው፣ ደረጃ ላይ መወርወርም ጥፋት ነው። መርዶ በወጉ ይነገራል፤ ማለዳ፣ ሰው አጠገብ ሆኖ፣ ውሃ ተይዞ።

ነገ ለማዳም እነግራታለሁ። ቲኬቱም ይቆረጥ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ይህን የምጽፈው እየሳቅኩም እየተሳቀቅኩም ነው።

ጽጌን ገና ሳይነጋ ለመንኳት። መጀመሪያ አበድክ አለችኝ። ከዚያ "ብቻህን ከምትገድላት" ብላ እሺ አለች። የማዳምን የልብ ኪኒን በኪሷ ያዘች። ውሃ ቀዳች። ነገሩን በወጉ እናድርገው ብዬ ነበርና እሷም በወጉ አደረገችው፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች!

የማዳም የንጋት ሶላት እስኪያልቅ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ጠበቅን። በሩን ከፈተች። ሁለታችንን አየች፤ በማለዳ፣ ጎን ለጎን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ውሃ ይዘን።

"ናስር!" ብላ ጮኸች።

የበሩን መቃን ያዘች። ጽጌ ውሃውን ጥላ አቀፈቻት። "ላ፣ ላ ማዳም! ናስር ደኅና ነው! ሰያራ! ሰያራ ነው የሞተው፣ መኪናው!"  በወጉ አረዳሁ ብዬ ያልሞተ ልጇን ገደልኩባት።

ኪኒኗን ዋጠች። ለናስር ደውለን ድምፁን አሰማናት፣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ "ምንድነው?" ሲል ዘጋችበት። አንዴ እኔን፣ አንዴ የጽጌን የተዘቀዘቀ ነጠላ አየች። ሳቀች። ከፈሃድ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሳቁ መሃል ላይ ተቆረጠና ለቅሶ ሆነ። ጽጌ አልለቀቀቻትም። አበራ እውነቱን ነው፣ ደጋፊ ያስፈልጋል።

ሁሉንም ነገርኳት። የእሁዱን ማጥፋት፣ ባትሪ ያልኩትን ውሸት፣ ፑፍ ፍስ ፍሱን፣ ናስር ሌላ ሞተር ሊያስገባ መሆኑን። ቀስ እያልን በማባበል እንደገደልነውም ነገርኳት።

"እኔ ነኝ አታስጩኸው ያልኩህ" አለች። "ልጄ ሲያስጮኸው እቆጣው ነበር። ጎረቤት ይሰማል እለው ነበር።"

 ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ "በእናንተ አገር ለመኪና እንዲህ ይደረጋል?" አለችኝ።

"ለሰው ነው።"

"ታዲያ ከየት አመጣኸው?"

የእናቴን ነገርኳት። ለሷ ነግሬያት አላውቅም ነበር። የማህቡላን ደረጃ፣ የጉልበቱን ቅባት። ከሐኪም ቤት ያመጣኋትን ቀን ስነግራት ቀና አለች።

"በዚያ ቀን? እኔን ጭነህ?"

"አዎ።"

"ማን ያዘህ?"

"ማንም።"

 ተነሥታ ክፍሏ ገባች፣ በሩንም ዘጋች።

እሁድ፣ ነሐሴ 11

ናስር ጠዋት ደወለልኝ። የተናገረውን አልጽፈውም። በወር መጨረሻ ትሄዳለህ አለ። እናቱ ግን ከኔ ቀድማ ደውላለት ኖሯል፣ ሌላ ሞተር በልጇ መኪና እንዳይገባ። ለአቡ ዋሊድም በራሷ ስልክ ነገረችው። ሞተሩ ወርዶ ተከፍቶ ነበር። እንደ ፈራው ግድግዳው ዙሪያውን ተፍቋል፣ አይድንም። መኪናው ባዶውን ይመለሳል፣ ቦታው ላይ ይቆማል። ለኔ ደግሞ፣ "ያንን የሚዞረውን ብረት አምጣልኝ" አለች።

ሹወይኽ ሄጄ አመጣሁት። አቡ ዋሊድ በቤንዚን አጥቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ካሰብኩት በላይ ከባድ ነው፣ ሦስቱም ጎኑ ሆዱን ነፋ ያደረገ። ማዳም ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በጣቷ ሦስቱን ጫፍ ዳሰሰች። ሁለቱ ደኅና ናቸው። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ፣ የተሰበረው ቦታ።

"ይህ ነው ሲጮህ የነበረው?"

"ይህ ነው።"

ሳመችውና ጨርቁን መለሰችበት።

ከሰዓት፣ በሰዓቷ ወጣች። እኔ ማዳምን የማመላልስበትን ሌላውን መኪና ልወለውል ባልዲ ይዤ ነበር። ጽጌ ከኋላዋ ሁለተኛ ወንበር ተሸክማ መጣች። ለእንግዳ መስሎኝ ቦታ ልለቅ ስል ማዳም የሌላውን መኪና ቁልፍ ከእጄ ወሰደች።

"እኛ ዘንድ ሐዘን ሦስት ቀን ነው" አለች። "ሦስት ቀን ቁልፍ አትነካም። ተቀመጥ።"

በስድስት ዓመት እዚህ ግቢ ከማዳም ጎን ተቀምጬ አላውቅም። ሹፌር አይቀመጥም። ጽጌ ከኋላ ትከሻዬን ተጫነችኝና ተቀመጥኩ። ፊታችን ያው ባዶ ቦታ ነው፣ አራቱ የጎማ ምልክት። ምንም የሚሰማ የለም፣ የጎረቤት ኤሲ ብቻ።

በወር መጨረሻ ልሂድ ልቅር አላውቅም። ናስርና እናቱ ገና አልጨረሱም። አሁን ስለሱ አላስብም።

"እናትህ፣ ስሟ ማን ይባላል?" አለችኝ ማዳም።

"ብርቄ" አልኳት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጮክ ብዬ አልጠራሁትም ነበር። ከዚያ ጽጌ ያዘችኝ።